በክፉ ቀን በጎውን ስለ ማስተዋል

በአገራችን ሰው ከሰው ጋራ ሲገናኝና ደኅንነቱን ሲጠያየቅ፥ ተጠያቂው ሐዘንተኛም ቢሆን፥ ሕመምተኛም ቢሆን፥ ጐተራው ባዶ የቀረበት ገበሬም ቢሆን፥ አስቀድሞ የሚመልሰው ቃል «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ነው። ችግሩን የሚዘረዝረው ከዚህ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ሳይዘረዝረው ይቀራል። ይህን ልማድ የውጭ አገር ሰው ባየ ጊዜ ይደነቅበታል። ከራሳችንም ወገን የሆኑ የተማሩ ወጣቶች፥ «ሰው ልጁን ቀብሮ ሲመለስ ተመስገን ማለቱ ራስን መደለል አይደለምን? ችግርንስ መሸሸግ አይደለምን?» እያሉ ሲከራከሩ ሰምተናል። ክርክራቸውን በቍጣ ልንመልሰው አይገባም፤ ጥያቄው ጥያቄ ነውና።

በተለይም በዚህ ዘመን መነሣቱ የሚያስገርም አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ገባ፤ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ ቢሆን ሰላም ያጣው አገርና ኑሮ የከበደው ቤት ብዙ ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል ካህኑ ወደ ልቅሶ ቤት ሲገባ ምን ቃል ልናገር ብሎ ይጨነቃል፤ ሹሙም የተቸገረውን ወረዳ ሁኔታ ለበላዩ ሲጽፍ ብዕሩን ይዞ ያመነታል። በጎ በጎውን ቢናገሩ ሐሰተኞች፥ ክፉ ክፉውን ብቻ ቢናገሩ ተስፋ አስቈራጮች ይባላሉ። ስለዚህ በጎን ማስተዋል ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ ጥቂት ለመናገር ወደድን፤ ነገሩንም ከአንድ አሮጌ ስም እንጀምራለን።

አባቶቻችን ከብት የሚፈጀውን ትልቁን በሽታ «ደስታ» ብለው ይጠሩት ነበር። በትግርኛ ጉልሓይ የሚባለው ነው። በሽታው የያዘው በሬ ዐይኑ እንባ፥ አፍንጫው ንፍጥ ያወርዳል፤ አፉ ይቈስላል፤ ከዚያም በተቅማጥ ተሟጦ በጥቂት ቀን ውስጥ ይወድቃል። እንግዲህ ይህንን የመሰለ መቅሠፍት ደስታ ብሎ መጥራት ምን ማለት ነው? መቼም ቍጣው ይበርድ እንደ ሆነ በማባበል የተሰጠ ስም ይመስላል፤ ክፉን ነገር በስሙ የጠራ እንደሆነ የሚብስበት የሚመስለው ሰው በየአገሩ አለና።

ይህ በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢጣልያኖች ከባሕር ማዶ ወደ ምጽዋ ባመጧቸው ከብቶች ላይ አብሮ ገባ። ከባሕሩ ዳር ወደ ደጋው ወጣ፤ ከሰሜን ወደ መካከለኛው አገር፥ ከዚያም ወደ ደቡብ እየወረደ በዐሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ደረሰ። በአገራችን ከዐሥሩ ከብት ዘጠኙን እንደ ፈጀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ በዚያው ላይ ዝናም ቀረ፤ አንበጣና ተምችም ወረደ። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የነበሩትን እነዚያን ዓመታት ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ ሰየማቸው፤ ይህ ስም እንደ ፊተኛው አይደለም፤ ነገሩን በትክክል የሚጠራ ስም ነው። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፥ ዘውዱን የጫኑት በዚህ ረኀብ መካከል ነበር።

ከዚህም ዘመን ከተነገረው ሁሉ አንድ ነገር ለያዝነው ጉዳይ ይጠቅመናል። በሬ ስለ ጠፋ መሬቱ ጦም ባደረ ጊዜ፥ በዶማ ቈፍሮ መዝራት ለጨዋ ሰው ነውር መስሎ ይታይ ነበርና፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው ከሠራዊታቸው ጋራ መሬት ቈፈሩ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር በምስጋና ዐይን ተመልከተው። በሬው የለም። ሞፈርና ቀንበሩ ያለ ሥራ ተሰቅሏል። ነገር ግን ክንድ አለ፥ ብረት አለ፥ አፈሩም አለ። በሬ ባይኖርም ክንድ መኖሩን ያየ ሰው በጎውን አስተዋለ ማለት ይህ ነው፤ በሽታውን ደስታ ብሎ የጠራው ግን ምንም አላየም። ዶማው ሁሉን አዳነ ማለታችን አይደለም፤ ከሕዝቡ እጅግ ብዙው አልቋል። ቢሆንም የተረፈው የተረፈውን አይቶ ነው የተረፈው።

የደስታ በሽታ መጨረሻ ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት መሆኑ ያሳዝነናል። ዋልተር ፕሎራይት የተባለ እንግሊዛዊ የከብት ሐኪም በኬንያ አገር በሙጉጋ ሆኖ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ገደማ ፍቱን ክትባት አወጣ። ክትባቱ ግን ቅዝቃዜ ካልተለየው ይበላሻልና፥ በረዶ ወደሌለበት ቈላ ለማድረስ አስቸጋሪ ነበር። ኋላ ሙቀት የሚችል ዓይነት ተሠራ። ከዚህም በኋላ በአፋር በረሐ፥ መኪናና የመንግሥት ሐኪም ሊደርስበት በማይችለው ስፍራ፥ ከራሳቸው ከከብት አርቢዎቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ተምረው ክትባቱን ተሸክመው ከብቱን እየተከተሉ ከተቡ። በአገራችን በሽታው ከ1995 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወዲህ አልታየም። በዓለም ላይ መጨረሻ የታየው በ2001 በኬንያ ነው። በ2011፥ ማለት በእኛ በ2003 ዓ.ም.፥ ከምድር ፈጽሞ መጥፋቱ ለዓለም ሁሉ ታወጀ። የሰው ልጅ በክትባት ከምድር ያጠፋው በሽታ እስከ ዛሬ ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛው ፈንጣጣ፥ ሁለተኛው ይህ የከብት ደስታ ነው።

በዚያን ቀን በአገራችን ደወል አልተደወለም። ከክፉ ቀን የተረፈው ሕዝብ የልጅ ልጆች፥ አያቶቻቸውን የፈጀው ጠላት ሲቀበር ቀብሩን አልሰሙም። እኔም በዚያ ዓመት በጋዜጣ ሥራ ላይ ሳለሁ ስለዚህ ነገር አንድ መሥመር አልጻፍሁም፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ምክንያቱን ብመረምር ያገኘሁት ይህ ነው፤ ክፉ ነገር ሲመጣ እየጮኸ ይመጣል፤ ከበጎ ነገር ብዙው ግን ክፉ ባለመሆኑ ብቻ የሚታወቅ ነው። በሬው ያልሞተበት ገበሬ «በሬዬ አልሞተም» ብሎ ድግስ አይደግስም። ልጁ በፈንጣጣ ያልታወረበት አባትም ዐይኑን አይቶ አይደነቅም። ስለዚህ በጎን ማስተዋል በራሱ የሚመጣ የልብ ሙቀት ሳይሆን፥ እንደ መዝገብ ሥራ ትጋት የሚፈልግ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ደስታ የሚለው ስም ወደ ሰው ረኀብ ሲሸጋገር ምን እንዳደረሰ እንመልከት። ከክፉ ቀን ሰማንያ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ዝናም ቀርቶ ሕዝብ ተራበ። ነገሩ ከወረዳ ወደ አውራጃ፥ ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት፥ ከጠቅላይ ግዛትም ወደ ላይ በወጣ ቍጥር እየለዘበ ሄደ። የበላዩን ልብ ላለማሳዘን፥ የአገርን ስም ላለማጕደፍ፥ ሹመትንም ላለማጣት ሲባል ረኀቡ «የሰብል መጠነኛ ጕድለት» ዓይነት ስም እየተሰጠው ተሸሸገ። በጊዜው ሊጻፍ በሚገባው መጠን አልተጻፈም፤ ይህንንም ስንል የራሳችንን ሙያ ከወቀሳው አናወጣም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ የተራበውን ሕዝብ በፊልም አንሥቶ ለአገሩ ሰው አሳየ። ይኸው ፊልም በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለመንግሥቱ መውደቅ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ግን ከብዙዎቹ አንዱ፥ እየጠፋ ያለውን ሰው ደኅና ነው ብሎ መጻፍ እንደ ሆነ የሚክድ የለም።

የተተካውም መንግሥት ከዚህ አልተማረም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በብዙ ወጪ ሲከበር፥ በሰሜን ሕዝቡ በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። ያን ዓመት የምናገረው ከመጽሐፍ አግኝቼ አይደለም።

በ1977 ዓ.ም. የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ በዋድላ ቅኔ እማር ነበር። የየኔታ ተማሪዎች ሃያ ያህል ነበርን። የቆሎ ተማሪን ኑሮ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ኖረውበታልና ማብዛት አያስፈልግም፤ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ ለውሻው በትር ይዞ፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ የዕለት ቍራሽን መለመን ነው። በደኅናው ዘመን እንኳ ተማሪ የሚጠግብበት ቀን በጣት የሚቈጠር ነው። ቅማሉና እከኩ፥ የደጋው ብርድም ሲጨመር፥ ከመካከላችን ሳይታመም የከረመ አልነበረም።

የኔታ ግን አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ማታ ማታ የለመንነውን ሁሉ በአንድ ሰፌድ ላይ እንገለብጣለን፤ ከመብላታችን በፊት እያንዳንዳችን በየትኛው ቤት ማን ምን እንደ ሰጠን በስም እንናገራለን። ግማሽ የገብስ ቂጣ ከእገሌ ቤት፥ አንድ እፍኝ አሹቅ ከእገሊት ቤት፥ እንዲህ እየተባለ ይዘለቃል። ከዚያ በኋላ የሰጪዎቹ ስም እየተነሣ ጸሎት ይደረሳል። ቀኑን ሙሉ በየዛፉ ሥር ተቀምጠን ቅኔ ስንቈጥር የዋልን ልጆች፥ ማታ ደግሞ ይህን ስንጨምር ይሰለቸን ነበርና፥ በስውር «የቍራሽ ቈጠራ» ብለን ስም አወጣንለት። እኔ ሥርዓቱ ለምስጋና ብቻ የተሠራ ይመስለኝ ነበር። እንቅልፍም እየታገለኝ ስሞቹን እንደ ዳዊት እወርዳቸው ነበር።

ኅዳር ሲገባ ቈጠራው እያጠረ ሄደ። በእኔ መንገድ ላይ ከነበሩት ዐሥራ አራት ቤቶች የሚሰጡት ስድስት ብቻ ቀሩ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አልነበረም፤ «እግዜር ይስጥህ» ብለው ይመልሱኛል፤ በአገራችን እንቢ ማለት እንኳ በምርቃት ነውና። አንድ ማታ ስድስቱን ቤቶች ተናግሬ ስጨርስ የኔታ፥ «ከወንዙ በላይ ያሉት ባልቴትስ?» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥህ አሉኝ፥ የኔታ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዛሬ ሦስተኛ ቀን ነው።»

የኔታ ዝም አሉ። ከዚያም ተነሥተው ከሰፌዱ ላይ ድርሻቸውን አነሡና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ፤ እኔንም «ምራኝ» አሉኝ። ጨለማ ነበር። ከባልቴቲቱ ጎጆ ስንደርስ ምድጃው እሳት የለበትም። ባልቴቲቱ ከመደቡ ላይ ተኝተው ነበር፤ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውም ከእግራቸው ሥር በአንድ ቍርበት ላይ ነበሩ። የኔታን በድምፃቸው ለይተው ሊነሡ ሞከሩ፤ አቃታቸው። የኔታ «እንደምን አመሹ እናቴ?» ሲሏቸው እንዲህ ብለው መለሱ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ የኔታ። ዛሬስ ልጆቹ ሳያለቅሱ ተኙልኝ።»

እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ልጅነት ነው። የኔታ ግን አሜን አላሉም። ወደ ልጆቹ ጐንበስ ብለው በእጃቸው አንገታቸውን ዳሰሱ። ልጆቹ ያላለቀሱት ማልቀሻ ዐቅም ስላጡ ነበር። ያን ሌሊት እሳት አንድደን፥ ውሃ አሙቀን፥ ቂጣውን እያለሰለስን በጣት ጫፍ ስናጐርሳቸው አደርን።

ሰምና ወርቅ ለመለየት ዋድላ ድረስ የሄድሁት እኔ ነኝ፤ ግን የባልቴቲቱን ቃል ሰሙን ብቻ ሰምቼ ቀርቻለሁ። ወርቁን ያወጡት የኔታ ናቸው። ባልቴቲቱ ዋሽተው ነበርን? አልዋሹም፤ ልጆቹ በእውነት ሳያለቅሱ ተኝተዋል፤ ለሚያለቅስ ሕፃን የሚሰጡት ነገር ላጡ አያት ይህ እውነተኛ ዕረፍት ነው። ችግራቸውን ሸሽገዋልን? አልሸሸጉም፤ ለሚሰማ ሰው ሁሉን ተናግረዋል። በመግቢያችን ላይ ለጠቀስናቸው ወጣቶች የምንመልሰው ይህንን ነው። ምስጋናው የተናጋሪው ነው፤ ትርጓሜው ግን የሰሚው ዕዳ ነው።

ከዚያ ማታ በኋላ የኔታ ቈጠራውን ለወጡት። መጀመሪያ የሰጠውን ካስነገሩን በኋላ «ዛሬ ማን አልሰጠም?» ይሉን ጀመር። ያልሰጡት ቤቶች ስም በአንድ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ አደረጉ፤ ጸሐፊውም ከእኛ የሚበልጠው ተማሪ ነበር። በታኅሣሥ መጀመሪያ የቤቶቹ ቍጥር ከሠላሳ አለፈ። የኔታ ወረቀቱን ይዘው ወደ አካባቢው ሹም ሄዱ፤ እኔም በትራቸውን ይዤ ተከተልሁ። ሹሙ ገና ወረቀቱን ሳያነብ «በእኛ በኩል ችግር የለም ተብሎ አስቀድሞ ተመልክቷል» አለ። የኔታ አልተከራከሩም። «ጌታዬ፥ እኔ ክስ አላመጣሁም፤ እስከ ጥቅምት ድረስ ተማሪዎቼን ያበሉ የነበሩ የደጎች ዝርዝር ነው። ውለታ አለብኝና እንዲታወቁልኝ ነው» አሉት። ሹሙም ስሞቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። መካከል ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የገዛ አጎቱን ስም አግኝቶ ነበር።

እህል ወደሚታደልበት ስፍራ ያ ዝርዝር ደረሰ፤ ከተጻፉትም አብዛኞቹ ድርሻ አገኙ። ሁሉም አላገኙም፤ ያገኙትም ሁሉ አልዳኑም። በታኅሣሥ መጨረሻ የኔታ «አገሩ እናንተንም ራሱንም ሊያበላ አይችልም፤ ለሕዝቡ ሸክም አንሁን» ብለው ጉባኤውን በተኑት። እኔ ወደ ጎጃም ተሻገርሁ። የባልቴቲቱን መጨረሻ አላውቅም። እስከ ወጣሁበት ቀን ድረስ ግን በሕይወት ነበሩ፤ ታላቂቱ ልጅም ውሃ መቅዳት ጀምራ ነበር።

እንግዲህ ልብ ብለን ብንመለከተው፥ የተራቡትን ለማወቅ ያስቻለው የምስጋናው መዝገብ ነው። ሰጪዎቹን በስም ያልቈጠረ ሰው፥ መስጠት ያቃታቸውን ከየት ያውቃቸዋል? በ1965 ዓ.ም. የተጻፈው «ደኅና ነው» እና የየኔታ ዝርዝር ሁለቱም በጎ በጎውን የሚናገሩ ወረቀቶች ናቸው፤ አንዱ ግን የቤት ስም አልነበረበትም።

ወደ ልቅሶ ቤት ለሚገቡ ካህናት እኔ መካሪ ልሆን አይገባኝም፤ ነገር ግን መጽሐፈ ኢዮብን ሁሉም ያውቁታል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋራ በምድር ላይ ዝም ብለው እስከ ተቀመጡ ድረስ ነቀፋ አልነበረባቸውም፤ የተነቀፉት መናገር ከጀመሩ በኋላ ነው። ልጁን የቀበረ ሰው ራሱ ተመስገን ቢል፥ ያ ቃል ከጥልቅ የወጣ ዕንቍ ነው። ሌላ ሰው ጠግቦ መጥቶ «ተመስገን በል እንጂ» ቢለው ግን፥ ያው ቃል ድንጋይ ይሆናል። ጸሎተ አኰቴት በሠርግም ቀን በቀብርም ቀን በቅዳሴው ውስጥ ሳይቀር የሚደርሰው፥ ሐዘንተኛው አፉን መክፈት ቢያቅተው እንኳ ማኅበሩ ስለ እርሱ እንዲያደርስለት ይመስለኛል፤ እንዲገሥጸው አይደለም።

ስለ ሹማምንቱም አንድ ነገር ልጨምር። እኔ በምሠራበት ጠረጴዛ ላይ በየሳምንቱ ከየስፍራው የሚላክ ዘገባ ይከመራል። አብዛኛው «አበረታች ውጤት ተገኝቷል» በሚል ቃል ይጀምርና በዚያው ቃል ይጨርሳል። ማን እንደ ተበረታታ፥ በየትኛው መንደር፥ ስንት ኩንታል፥ ስንት ልጅ እንደ ሆነ አይናገርም። እንዲህ ያለውን ወረቀት ሳነብ ደስታ የሚለው አሮጌ ስም ትዝ ይለኛል። ከብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ዓይነት ይመጣል። በጦርነቱ ጊዜ ከአንድ ጤና ጣቢያ የመጣ አጭር ጽሑፍ ነበር፤ መድኀኒት እንዳለቀ፥ መብራትም እንደ ጠፋ ከነገረ በኋላ፥ በዚያ ሳምንት ሦስት እናቶች በእጅ ባትሪ ብርሃን በሰላም እንደ ወለዱ፥ ባትሪውንም ያዋሰው የጐረቤት ባለሱቅ እንደ ሆነ ይናገር ነበር። እኔ ከዚያ ወረቀት ምን እንደ ጐደለም፥ ምን እንዳለም፥ ቀጥሎ ምን መላክ እንደሚገባም ዐወቅሁ። የጻፈው ሰው ሦስቱን ሕፃናት ባይቈጥር ኖሮ ባትሪ እንደሚያስፈልግ ማንም ባላሰበ ነበር።

በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ለሥራ ወደዚያ አገር ስሄድ መንገዴን አጣምሜ ወደ ጥንቱ ጉባኤ ቤት ወጣሁ። የኔታ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ከጎጆዎቹም የቀረ የለም። ከወንዙ በላይ ባልቴቲቱ የነበሩበት ስፍራ የገብስ ማሳ ሆኗል፤ ገብሱ ታጭዶ ስለ ነበር ቃርሚያው ላይ ከብት ተሰማርቶበታል። በሬዎቹን ቈጠርኋቸው፤ ዐሥራ አንድ ናቸው። እረኛው የዐሥር ዓመት ያህል ልጅ ነው፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ዋሽንት ይጠርባል። ከብቶቹ ታመውበት ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ስለ መዥገርና ስለ እግር ቍስል ነገረኝ። እኔም ላየው ብዬ «ደስታ ታውቃለህን?» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝና ሣቀ። «እንዴታ! እኅቴ ናት። አሁን ምሳዬን ይዛ ትመጣለች» አለኝ።